አፍ ቁጥር አርባ አንድ

በሀርጌሳ ከተማ፣ ከአየር ማረፊያው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሰማያዊ የብረት በር ያለው አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ስሙ «በአፍና በጥርስ ምስክርነት የሰው ማንነት አጣሪ ጽሕፈት ቤት» ይባላል። ስሙ ከሰሌዳው ስለሚረዝም «ጽሕፈት ቤት» የሚለው ወደ አጥሩ ተሻግሮ ተጽፏል። የዚህ መሥሪያ ቤት መቋቋም ለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ፣ ጥያቄውን የሚጠይቀው በአፉ ስለሆነ መልሱን ይዞት ነው የመጣው፤ ይህን ዋና ዳይሬክተሩ ዶክተር ዓብዲናሲር በምረቃው ዕለት አርባ ደቂቃ ወስደው በሚገባ አስረድተዋል።

ዶክተር ዓብዲናሲር የተማሩት አዲስ አበባ ነው። ምን እንደተማሩ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ስለ ጥርስ ግን ውጭ አገር ሄደው የዘጠኝ ቀን ሥልጠና ወስደዋል፤ ከዘጠኙ ሁለቱ የጉብኝት ቀናት ነበሩ። ከተመለሱ በኋላ የሰው ፊት ማየት ትተው አፍ ማየት ጀመሩ። ሰላም ሲሏቸው ጥርስ ይቆጥራሉ። «ከእውነት አኳያ ሲታይ ሰውዬው ሊዋሽ ይችላል፤ መንጋጋው ግን ተጠሪነቱ ለመሥሪያ ቤታችን ነው» የሚል ጽሑፍ በትልቁ አሳትመው ከወንበራቸው ጀርባ ሰቀሉ።

የዚህ ሁሉ ሳይንስ ወለል በይመኙሻል እጅ ነበር። ይመኙሻል የመተሃራ ልጅ ናት። አባቷ ሸንኮራ ሲቆርጡ ኖረው እዚያው አረፉ፤ እሷ ሀርጌሳ ከመጣች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሼክ ኑር በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ጥርሷ የበለዘ ነው። ከስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ እየጠጣ ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚሆነው፣ ከላይ እስከ ታች የቡና መልክ አለው። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች አፍ በተመዘገበ ጊዜ እሷም ተሰልፋ ነበር። ዳይሬክተሩ በባትሪ አዩና «የቀለም መዛባት አለብሽ፤ ናሙናችንን ታበላሺብናለሽ» ብለው መለሷት። ይመኙሻልም መወልወያዋን አንሥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። አልተናደደችም ማለት አይቻልም፤ ኮሪደሩ ግን እንደዚያ ቀን ነጥቶ አያውቅም።

ምዝገባው ሲታቀድ አምስት መቶ አፍ ነበር። የተገኘው አርባ አንድ ነው። ሠራተኞቹ፣ የሠራተኞቹ ዘመዶች፣ ከዚያ ደግሞ «ጥርስ በነጻ እናጥባለን» ተብለው ከአያሃና ከሼክ ኑር ሰፈሮች የተሰበሰቡ የቀን ሠራተኞች። የከንፈር አሻራ እንዲነሣ መመሪያው በቀይ ሊፕስቲክ ነበር የሚያዘው፤ የአገር ሽማግሌዎች «አዑዙ ቢላህ!» ብለው ስለተነሡ በማኅተም ቀለም ተተካ። አርባ አንዱም ተመዝጋቢዎች ለአንድ ሳምንት ከንፈራቸው ወይን ጠጅ ሆኖ ሰነበተ። ከዚያ አፋቸው በጄሶ ተቀርጾ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣ በመደርደሪያ ላይ ተደረደረ። ይመኙሻል በየጠዋቱ አርባ አንድ ነጭ አፍ አቧራ ትጠርጋለች። አንዳቸውም አመሰግናለሁ ብለዋት አያውቁም።

ሥራው ሁሉ ተሟልቶ የጎደለው ሟች ብቻ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በትዕግሥት ጠበቀ። በሦስተኛው ወር በላይ በኩል ዝናብ ጥሎ፣ ከተማውን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ በድንገት ሞላና አንድ ሰው ወሰደ። አስከሬኑ ከአራት ቀን በኋላ ተገኘ። ኪሱ ውስጥ ወረቀት የለም፤ ፊቱም የሚለይ አልነበረም። ሬሳው ወደ መሥሪያ ቤቱ ቀዝቃዛ ክፍል ሲገባ ዶክተር ዓብዲናሲር «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ሰዎች እያዩአቸው መሆኑን ተገንዝበው ፊታቸውን አጨፈገጉ።

ምርመራው ፈጣን ነበር። ሟቹ ታች በቀኝ በኩል አንድ መንጋጋ ጎድሎታል። ከመደርደሪያው ላይ ታች በቀኝ አንድ መንጋጋ የጎደለው አፍ ቁጥር አርባ አንድ ነው። አፍ ቁጥር አርባ አንድ የአቶ ክፍሌ ነው፤ ዕድሜ ሃምሳ ሁለት፣ የትውልድ ቦታ ጎንደር፣ ሥራ ሴራሚክ ማንጠፍ። ዳይሬክተሩ «ማንነቱ ተረጋግጧል» የሚለውን ማኅተም አሳረፉበት። ከዚያ ከማኅደሩ ላይ የቤተሰብ ስልክ ፈልገው በአማርኛ ደወሉ፤ ይመኙሻል በሩ ላይ እየወለወለች ትሰማለች።

«ሄሎ፣ የአቶ ክፍሌ ቤተሰብ ነው?»

«ክፍሌ ራሱ ነኝ።»

«እንግዲህ ጠንከር ይበሉ። አቶ ክፍሌ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።»

«የትኛው ክፍሌ?»

«የሼክ ኑሩ። ሴራሚክ አንጣፊው።»

«እሱማ እኔ ነኝ!»

«ሐዘንዎ ይገባናል። መጀመሪያ ላይ ማንም አላምንም ይላል።»

አቶ ክፍሌ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሱ። ሱሪያቸው ሲሚንቶ ነበር፤ ከድንጋጤያቸው የተነሣ ውሃ ልካቸውን እንኳ አላስቀመጡም፤ በእጃቸው ይዘውት መጡ። ዳይሬክተሩ አስቀምጠው አፋቸውን በባትሪ አዩ።

«ታች በቀኝ ያለው ክፍተት የት ሄደ?»

«ጥርስ አስተከልኩበት።»

«መቼ?»

«ባለፈው ወር። ማኘክ አቅቶኝ።»

«ለመሥሪያ ቤቱ አሳውቀዋል?»

«ለማኘክ ፈቃድ ያስፈልጋል እንዴ ዶክተር?»

ዶክተር ዓብዲናሲር ባትሪውን አጠፉ። «እንግዲህ በእርጋታ እንየው። የክፍሌ ማኅደር ክፍተት አለበት። ሟቹ ክፍተት አለበት። እርስዎ ክፍተት የለዎትም። ሁለት ለአንድ።»

«ታዲያ እኔ ማን ነኝ?»

«እሱ ከሥልጣናችን ውጭ ነው። እኛ ማን እንዳልሆኑ ብቻ ነው የምንነግርዎ።»

አቶ ክፍሌ ተነሥተው የራሳቸውን አፍ ከመደርደሪያው ላይ አወረዱና በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት። «ይሄ የጣሪያ ጄሶ ነው። ያኔም ስትቀርጹኝ ነግሬያችሁ ነበር። ለአፍ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።»

«የሟቹን ንብረት ያስቀምጡ» አሉ ዳይሬክተሩ። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳቸውንም የሟች ንብረት ነው ብለው ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። ቀብሩ ለሐሙስ ተቆረጠ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ይመኙሻል ቀዝቃዛውን ክፍል የምትወለውለው ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ቀን አንሶላው ከሟቹ ፊት ላይ ሸርተት ብሎ ነበር፤ ልታለብሰው ጎንበስ አለች። አፉ ትንሽ ተከፍቷል። ከውስጡ ያየችው የራሷን ጥርስ ነው። ያው የቡና መልክ፣ ያው ጫፉ ላይ ብል የበላው የመሰለ ነገር። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች። ይህ ልጅ ከየትኛው ቦኖ ቀድቶ እንደጠጣ ሁሉ የምታውቅ መሰላት። የሆነች እናት አሁን በዚህ ሰዓት ስልክ እየደወለች እንደሆነ አሰበች።

እጇን በቀሚሷ አድርቃ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች።

«ዶክተር፣ ያ ልጅ የመተሃራ ልጅ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«በጥርሱ።»

«በጥርሱ?!» ዶክተር ዓብዲናሲር ከወንበራቸው ብድግ አሉ። መሥሪያ ቤቱ ከተቋቋመ ወዲህ ሰው በጥርስ ሲለይ ይህ የመጀመሪያው ስለነበረ ድንጋጤያቸው አይፈረድበትም። «አንቺ የት ሠለጠንሽ?»

«የኛ አገር ጉድጓድ ውሃ ጥርስ ያበልዛል። ከልጅነቱ የጠጣው ሁሉ እንዲህ ነው። ጋሼ ክፍሌ ጎንደሬ ናቸው፤ ጥርሳቸው ወተት ነው።»

«የጫት ነው።»

«የጫትማ ከላይ ነው የሚይዘው፤ ሲፋቅ ይለቃል። ይሄ ከሥር ነው የመጣው።»

ዳይሬክተሩ ጥበቃውን ሂርሲን ጠርተው «ይህችን ሴት ወደ ሥራዋ መልሳት» አሉ። ሂርሲ የስድሳ ዓመት ሰው ነው። ጥበቃ ከመሆኑ በፊት በከብት ገበያው ሠላሳ ዓመት ግመል ደልሏል፤ የግመል ዕድሜ ሻጩ ሳይነግረው አፉን ከፍቶ ያውቃል። ይመኙሻልን ወደ ሥራዋ መለሳት፤ ሥራዋ ደግሞ ቀዝቃዛው ክፍል ስለነበረ አብሯት ገባ። ሟቹን አየ። ወጥቶ ኮሪደር ላይ የተቀመጡትን አቶ ክፍሌን «አፍህን» አለና አየ። ከዚያ ተመልሶ ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆመ።

«ዋላሂ ዶክተር፣ የውስጡ ልጅ ሃያ ዓመት አልሞላውም። የመጨረሻው መንጋጋው ገና ድዱን አልቀደደም። የውጪው ሰውዬ ግን ጥርሱ አልቋል።»

«ሂርሲ፣ ይህ ግመል አይደለም።»

«ግመል ቢሆንማ ማንም አይሳሳትም ነበር።»

ሳይንስ አስተያየት የሚንቅ አይደለም። ዶክተር ዓብዲናሲር የዕድሜውን ልዩነት በሪፖርቱ ላይ በግልጽ አሰፈሩት፦ «ሟቹ በውሃ ውስጥ ከመቆየታቸው ጋር በተያያዘ በሠላሳ ሁለት ዓመት ወደ ወጣትነት ተመልሰዋል። ክስተቱ ተጨማሪ ጥናት ይሻል።»

በማግሥቱ ጠዋት ይመኙሻል ሥራ አልገባችም። በሚኒባስ ተሳፍራ አያሃ ሄደች፤ የቀን ሠራተኞች አካፋቸውን ይዘው አሠሪ የሚጠብቁበት ማዕዘን ላይ ወረደች። ስድሳ የሚሆኑ ወንዶች ነበሩ።

«ከመተሃራ የመጣ፣ ወጣት፣ ጥርሱ እንደኔ የሆነ የጠፋባችሁ አለ?» ብላ ጠየቀች።

«እንዳንቺ እንዴት?» አለ አንዱ።

ይመኙሻል ሰባት ዓመት ሙሉ በነጠላዋ ስትሸፍነው የኖረችውን አፍ በስድሳ ወንድ ፊት ከፈተች። አንድ ሁለቱ ሳቁ። አንድ አካፋ የያዘ ሰውዬ ግን አልሳቀም። «ከመስጊዱ ጀርባ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለች። ትናንትም ዛሬም መጥታ ወንድሟን ስትጠይቅ ነበር» አላት።

በሩን የከፈተችው ትዝታ የምትባል የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ገና «ማንን ፈልገው ነው?» ስትል ይመኙሻል ጥርሷን አየችው። የመጣችበትን ነገር ከየት እንደምትጀምር ጠፋት። ትዝታም የይመኙሻልን ጥርስ አየች።

«እትዬ፣ የአገሬ ሰው ነዎት። ወንድሜን፣ ኢዩን አገኙት?»

 ይመኙሻል የልጅቷን እጅ ያዘችና ወደ መሥሪያ ቤቱ ይዛት ሄደች። 

ትዝታ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ የወንድሟን አፍ አላየችም። አንሶላው ሲገለጥ ሸሚዙን አየች፤ ቁልፉን የሰፋችው በቢጫ ክር ነበር፤ ነጭ ክር አጥታ። እዚያው እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠች። ሂርሲ በሩ ላይ «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጉዳዩ ለዳይሬክተሩ ቀረበ። ዳይሬክተሩም ልጅቷን በአክብሮት ተቀበሏት።

«ወንድምሽ ተመዝግቦ ነበር?»

«የት?»

«እዚህ። በአፍ።»

«አልተመዘገበም።»

«እንግዲያው ሞቷል ለማለት ያስቸግራል» አሉ ዶክተር ዓብዲናሲር በርኅራኄ። «ያልተመዘገበ አፍ ከአሠራራችን አኳያ በሕይወት እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ደስ ሊልሽ ይገባል።»

ትዝታ ደስ አላላትም። ይመኙሻልም የሚጠረግ ነገር ያለ ይመስል ጠረጴዛውን በጨርቅ እየጠረገች ቀረት አለች። ሐሙስ ነገ ነው። ነገ ይህ ልጅ በክፍሌ ስም አፈር ይገባና ነገሩ ያበቃል። መናደዱ እንዳልጠቀማት አውቃ ሌላ መንገድ ያዘች።

«ዶክተር፣ አስከሬን የሚወስደው ማነው?»

«ለሟቹ የቅርብ የሆነ ሰው።»

«ለክፍሌ ታዲያ ከጋሼ ክፍሌ የበለጠ ማን ይቀርበዋል?»

«ሰውዬው ክፍሌ አይደለም አልኩሽ እኮ!»

«አይሁኑ። ግን ካልሆኑም ከክፍሌ ጋር ሃምሳ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። አንድ ቀን ተለያይተው አያውቁም። ከዚህ ወዲያ ምን ዘመድ አለ?»

ዶክተር ዓብዲናሲር እስክሪብቷቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው አሰቡ። ፊታቸው ቀስ በቀስ በራ። ሟቹ ባለቤት ካገኘ ማኅደሩ ይዘጋል፤ የተዘጋ ማኅደር ደግሞ ለሪፖርት ያምራል። አቶ ክፍሌ ከኮሪደር ተጠርተው የራሳቸውን አስከሬን ፈርመው ተረከቡ። «ከሟቹ ጋር ያለ ዝምድና» በሚለው መስመር ላይ ዳይሬክተሩ በገዛ እጃቸው «አብሮ አደግ» ብለው ሞሉላቸው።

የአያሃ ልጆች ፒክአፕ አገኙ። ኢዩ ውጫሌ በምትባለው የድንበር ከተማ በኩል ተሻግሮ፣ በጅጅጋ አድርጎ መተሃራ ገባ። አቶ ክፍሌ ካርድ ስላልነበራቸው ከከተማው መውጫ አላለፉም፤ መኪናው እስኪጠፋ ድረስ ቆመው አዩ። ሳጥኑ ላይ «ክፍሌ» የሚል ወረቀት ነበረበት። የሰፈሩ ቄስ ግን ወረቀቱን አላዩትም፤ ትዝታን የክርስትና ስሙን ጠየቋት፤ ነገረቻቸው፤ በዚያው ስም ጸሎተ ፍትሐት ተደረገለት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አቶ ክፍሌ ሥራቸውን ቀጥለዋል፤ አሠሪያቸው ሟች መሆናቸው ሴራሚኩን እንዳላጣመመው አይቶ ዝም ብሏል። ሆኖም ካርድ የሌለው ሰው ፍተሻ በደረሰ ቁጥር ይደበቃል፤ ጎንደር ልጆቹን ልይ ቢል መውጣት አይችልም። ስለዚህ በየሰኞው እየመጡ ኮሪደሩ ላይ ይቀመጣሉ። ዶክተር ዓብዲናሲር ሲያልፉ «አቤቱታዎን በቤተሰብ በኩል ያቅርቡ» ይሏቸዋል።

ከዚያ ለመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ የሚሰጡት እንግዶች ለግምገማ ከውጭ መጡ። ሁለት ነጮች ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር ደግሞ ሮዳ የምትባል ሻርፕ ያደረገች ሴት ነበረች። ቦርሳዋን ራሷ ስለተሸከመችና ምንም ስላልተናገረች ዳይሬክተሩ ጸሐፊያቸው ናት ብለው ከበሩ አጠገብ ወንበር ሰጧት። ሪፖርቱ ተነበበ። የተለየ አስከሬን፦ አንድ። ትክክለኛነት፦ መቶ በመቶ። ቅሬታ አቅራቢ ቤተሰብ፦ የለም። ከዚህም በላይ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ጥረት «የቡናማው ምልክት» የተባለ አዲስ ግኝት ላይ ደርሷል፤ በዚህ ምልክት አንድ ሰው የት አገር ውሃ እንደጠጣ ይታወቃል። ለማስረጃ ሕያው ናሙና ተዘጋጅቷል።

ሕያው ናሙናዋ ከነመወልወያዋ ተጠራች። ዶክተር ዓብዲናሲር ባትሪ አበሩ። «ይመኙሻል፣ አፍሽን ክፈቺ።»

ይመኙሻል ከፈተች። የከፈተችውም በሶማሊኛ ነበር።

«ክፍሌ ብላችሁ ያስረከባችሁት ሟች ክፍሌ አይደለም። ስሙ ኢዩ ነው። የመተሃራ ልጅ ነው፤ እኅቱ ትዝታ ትባላለች። ስሙ በዚህ ቤት አንድም ወረቀት ላይ የለም። ክፍሌ ደግሞ ኮሪደር ላይ ተቀምጧል።»

ዶክተር ዓብዲናሲር ወደ እንግዶቹ ዞረው በእንግሊዝኛ ተረጎሙ፤ «በዚህ ታሪካዊ ሥራ በመሳተፏ የተሰማትን ክብር እየገለጸች ነው።»

ሁለቱ ነጮች አጨበጨቡ። ሮዳ አላጨበጨበችም።

«ትርጉሙ አጠረ» አለች በሶማሊኛ።

ዶክተር ዓብዲናሲር ከነባትሪያቸው ወደ እሷ ዞሩ።

«ያደግኩት እንግሊዝ አገር ነው፤ ሶማሊኛ ግን እናቴ ቤት ነው የተማርኩት። ሥራዬ ሬሳ በጥርስ መለየት ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል።» ተነሥታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እዚያ አንድ ሲሚንቶ የለበሰ ሰው ተቀምጧል። «እርስዎ ማን ነዎት?»

አቶ ክፍሌ በሰባራ ሶማሊኛቸው «ሟቹ ነኝ» አሉ።

ሮዳ ተመልሳ መጣች። አፍ ቁጥር አርባ አንድን አንሥታ ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ የተሰነጠቀው ጄሶ ጣቷ ላይ ተራገፈ። የምርመራውን ፎቶ አየች፤ የሟቹን ጥርስ መልክ፣ ያልበቀለውን መንጋጋ። «ይህን የሚያህል ምልክት በሥራዬ ላይ በዓመት አንዴ ባገኝ እድለኛ ነኝ» አለች። «ይህች ሴት በመጀመሪያው ቀን ነግራዎታለች?»

 ከበሩ በኩል ሂርሲ «ነግራዋለች» አለ። «እኔም ነግሬዋለሁ፤ እኔ ግን የግመል ነኝ።»

«የነገረችዎትን ሴት ምን አደረጓት?»

«ወለል… ወለሉን ትወለውላለች።»

ሮዳ መዝገቡን አስመጣች። የክፍሌን ሞት በአንድ መስመር ሰርዛ ፈረመችበት፤ መሳቢያውን አስከፍታ ካርዱን በራሷ እጅ ለባለቤቱ ሰጠች። ከሥሩ አዲስ መስመር ጀመረችና ይመኙሻልን አጠገቧ አስቀምጣ ጠየቀቻት፤ ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ ያደገበትን። ይመኙሻል ቀስ ብላ፣ አንዱም ፊደል እንዳይሳሳት እየደጋገመች ነገረቻት። አቶ ክፍሌ በሩ ላይ ቆመው ካርዳቸውን እያገላበጡ ያያሉ፤ እንባቸው ሲሚንቶው ላይ መስመር ሠርቷል።

ጽፋ ስትጨርስ ሮዳ ቀና አለች። ዶክተር ዓብዲናሲር ባትሪያቸውን እንዳበሩ፣ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው መሐል ወለሉ ላይ ቆመዋል።

«ዶክተር» አለቻቸው፣ «እባክዎ አፍዎን ይዝጉ።»

መሥሪያ ቤቱ ከተቋቋመ ጀምሮ ለሥራው የተሰጠ የመጀመሪያው ጠቃሚ መመሪያ ይህ ነበር።